ድንኳን ላይ የወጣው አንቴና

ሰማይ ላይ ካለ ነገር ጋር ተጣልቼ አላውቅም ነበር። ጠቤ ሁሉ ምድር ላይ ነው፤ አጥሬን ከሚበላው የጎረቤት ፍየል ጋር፣ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ «እዚህ ድንጋይ አስቀምጬ ነበር» እያለች ከፊቴ ከምትሰነቀር ሴት ጋር፣ ምሳ ስናቀርብ ጠብቀው ስብሰባ ከሚጠሩን ሰዎች ጋር። የዲላ ዝናብስ ከሰማይ አይደለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። የዲላ ዝናብ ለእኔ እንደ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ከመጣም ይቆያል፣ ተቀየምኩህ አይባልም። እኔ የምለው ከዝናቡም ከደመናውም በላይ ስላለው ነገር ነው። ሳተላይት የሚባል፣ አይቼው የማላውቅ፣ እሱም ስሜን የማያውቅ ብረት፣ መኝታ ቤቴ መንገድ ላይ ነው ብሎ መሰከረብኝ። ያውም ባሌን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ።

ቁጣዬ እስካሁን አልበረደም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባለቤቴን ሰው ሁሉ ጋሽ ታደሰ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ሚዛኑን እዚያው ትቶ መጣ፤ ጠባዩን ግን ይዞት መጣ። ከገበያ የመጣሁበትን ዘንቢል ከእጄ ተቀብሎ ከፍ ዝቅ ያደርግና «ድንቹ ጎድሏል» ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ሊጣመም አይችልም፤ ሌሎች ሰዎች ቤት እንኳ ለልቅሶ ሄዶ የሟቹን ፎቶ ሲያቃና አይቼዋለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ሳለ ሚዛኑን ከመንካቱ በፊት ወለሉን ነበር የሚመረምረው። ወለሉ ያዘነበለ እንደሆነ ገበሬው ይበደላል፣ ወይ ነጋዴው ይበደላል፤ እሱ ደግሞ ሁለቱም ሲበደሉ ማየት አይወድም። በዚህ ጠባዩ ስንቱን እንዳስቀየመ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሁላችንም ጓድ የሆንንበት። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ቀጭን ወጣት አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ወጣቱ ጌታሁን ይባላል፤ ካርታ ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው።

«የጋሽ ታደሰ ግቢ ሰፊ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ዛፍም የለበትም። ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል።»

ዛፍ የሌለበት እሱ ራሱ ለቀበሌው አዳራሽ ጣውላ ያስፈልጋል ብሎ ዋንዛችንን ስላስቆረጠብን ነው። እሱ ይህን አላነሳም። እኔም ለእንግዳው ብዬ ዝም አልኩ። እስካሁን ዝም ያልኩባቸውን ነገሮች ባወራ ይሄ ወረቀት አይበቃኝም።

ጌታሁን መሬት ላይ ትንሽ ስሚንቶ አፈሰሰ፤ መሃሉ ላይ ምስማር ተከለ። ቦታው የውጭው በር መግቢያ ላይ ነው። ከምስማሩ በላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አቆመ፤ ከማቆሚያው በላይ ደግሞ አንቴናውን አሰረ። አንቴና ሲባል እንደ ራዲዮ ሽቦ አይምሰላችሁ። ትልቅ ክብ ብረት አለው፣ ትሪ የሚያህል፤ ከትሪው መሃል ነጭ ድብልብል ነገር ወጥቷል። ትሪ ላይ የተቀመጠ ቴርሞስ ነው የሚመስለው። ከእሱ የወጣው ረጅም ገመድ መሬት ለመሬት ሄዶ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ካለ ሳጥን ጋር ይገናኛል። ሳጥኑ የመኪና ባትሪ ይበላል።

ባለቤቴ ወንበሩን ይዞ መጣና ከጎኑ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚያየው ምኑን ነው?»

«አያይም ጋሼ፣ ይሰማል። ሳተላይቱ ሲያልፍ ድምፅ ይልካል። ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲሄድ ይወፍራል። መኪና ጥሩንባ እየነፋ በአጠገብዎ ሲያልፍ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሳጥኑ ከዚያ ተነስቶ አንቴናው የት እንዳለ ያሰላል።»

«አንቴናው ነው ወይስ ምስማሩ?»

ጌታሁን ሥራውን ትቶ ቀና አለ። «አንቴናው ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ምስማሩን ነው። ለዚህ ነው አንቴናው ልክ ከምስማሩ በላይ የሚቆመው። እሱ ፈቀቅ ካለ ሳጥኑ ምስማሩን ፈቀቅ ያለ ያደርገዋል።»

«ቤቱ አጠገብ ያላቆምከውስ ለምንድን ነው? ከዝናብ ይጠለል ነበር።»

«ቆርቆሮው ነዋ። ድምፁ ከቆርቆሮው እየነጠረ ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ይደናገራል።»

«ሚዛን ነው በለኛ!» አለ ባለቤቴ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲደሰት አላየሁትም።

ጌታሁን ወደ ወናጎ መሄድ ነበረበት፤ እዚያ ኮረብታ ላይ የሚለካው ሌላ ነገር አለ። ሳጥኑ ብቻውን ይሠራል፣ ሳተላይቱ ባለፈ ቁጥር ይመዘግባል። አንቴናውን ማንም እንዳይነካው ብቻ አደራ አለ። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ አደራውን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ጦር ሰፈር ሆነ። ባለቤቴ ሲነጋ ወንበሩን ይዞ ይወጣል፤ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ጃንጥላውን ግን ለአንቴናው አይደለም የሚይዘው፣ ሰማዩን እንዳይከልለው ብሎ ወንበሩን ራቅ አድርጎ ለራሱ ነው የሚይዘው። ዶሮዎቼ ማቆሚያው እግር ሥር መጫር ስለወደዱ ከእነሱ ጋር ዋለ። እኔ ልብስ ላሰጣ ስወጣ «በዚያ በኩል ዙሪ» ይለኛል። ሊቀመንበሩ ለጉብኝት መጥቶ ማቆሚያውን ደገፍ ሊል ሲል «ጓድ፣ እጅህን» አለው። ሊቀመንበሩን እጅህን ያለው ሰው በከተማው ባለቤቴ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደረቴን ከበደኝ ብሎ ገባ። አልጋው ላይ ጋደም አለ። ጎረቤቴን ዘይነባን ጠርቼ ሐኪም ቤት እናድርሰው እስክንል ድረስ እጄን ያዘና «ዶሮዎቹን» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሌላዋ ሴት ባሏ ሲሞት ልጆቼን አደራ፣ ቤቴን አደራ ይላታል። እኔ ዶሮ እንዳባርር አደራ ተሰጠኝ። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ። ይሄንንም ተቀይሜዋለሁ፤ የምቀየመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲመሽ ነው፣ ዶሮዎቹን ሳስገባ።

የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። የዕድራችን ዳኛ አቶ ጅግሶ ናቸው፤ የጌዴኦ ሰው፣ ፕሮቴስታንት፣ ጪጩ አጠገብ የቡና ማሳ ያላቸው። ዕድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ እስላሙም አለ፤ ሁሉንም የሚገዛው ግን የአቶ ጅግሶ አንድ ሕግ ነው፦ ለቀስተኛ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ እንደነበረ ይመለሳል። ስኒ ቢጎድል ራሳቸው በየቤቱ ዞረው ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ማንኪያ ከዕድሩ ማንኪያ ጋር ተቀላቅሎ ተመለሰ ብለው ለሦስት ሰፈር አስለፍፈዋል።

ድንኳኑ ሲመጣ ችግሩ ታየ። አስከሬን በበሩ መውጣት አለበት፤ በሩ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ ቆሟል። ባለቤቴ ሲጠብቀው የነበረው ዕቃ ባለቤቴን አላስወጣ አለ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት ግን ምንም አላሰብኩም፤ እቤት ውስጥ ሴቶች ከብበውኝ ነው የነበርኩት። ውጭ ምን እንደተደረገ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ቃሬዛው ከቤት ሲወጣ እንድሰናበተው ብለው ግቢው መሃል ላይ ለጥቂት ጊዜ አሳረፉት። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ዝናብ ያካፋል። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ቀና አልኩ። ድንኳኑ ከኩሽናው ቆርቆሮ ጥግ ተጠግቶ ተተክሏል፤ የመሃል ምሰሶው ሸራውን በስቶ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያ ትሪ፣ ትሪው ላይ ያ ቴርሞስ። ሰማዩን ያዳምጣል። በሐዘን አእምሮዬ የተናጋ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቃሬዛውን አንስተውት ነበር።

ልቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነቀለ። ጌታሁን ተመልሶ ሲመጣ ባለ ሦስት እግሩ በሩ ላይ ነው፤ አንቴናው ከአናቱ፣ ምስማሩ ከሥሩ፣ ከመሃል የተንጠለጠለችው ቱንቢ ልክ በምስማሩ ላይ። አንዲት ነገር አልጎደለም። ጌታሁን መርዶውን ሲሰማ አለቀሰ። ትሪውን ፈታ፣ ሳጥኑን ጫነ፣ «እግዜር ያጽናዎት እማማ» ብሎ ሄደ። እኔም ያየሁትን ነገር የሐዘን ሕልም ነው ብዬ ለራሴ አሳመንኩ።

ከወራት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ነው፤ ችካልና ቀለም የያዙ ሰዎች አስከትሏል። ወደ አዲሱ አዳራሽ የሚወስድ መንገድ ይወጣል፤ ፕላኑ አዲስ አበባ ተሠርቶ መጥቷል፤ ከጌታሁን ምስማር ተነስተው መስመሩን እየለኩ ይተክላሉ። ለኩ። በበሩ ገቡ፣ ግቢውን አቋረጡ፣ በረንዳውን ወጡ። አንዱ ይቅርታ እንኳ ሳይለኝ መኝታ ቤቴ ገብቶ ከአልጋዬ ራስጌ ቆመ።

«እዚህ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«የመንገዱ ጠርዝ።»

መንገድ ጠርዝ ላይ ስተኛ መኖሬን አላውቅም ነበር። ባለቤቴ የሞተበት አልጋ ነው። ከግድግዳው ውጭ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት፤ ለአብዮቱ በዓል አዳራሹ ሲመረቅ መንገዱም ስለሚመረቅ ከዚያ በፊት ክፍሉ ይፈርሳል ተባልኩ።

«ይሄ መንገድ ድሮም ከጓሮ አጥሬ ውጭ ነው ተብሎ ነው የተነገረው» አልኩት ሊቀመንበሩን። «እርስዎ ራስዎ ነዎት በስብሰባ የነገሩን።»

«እናቴ፣ ያ በዓይን ግምት ነው። ይሄ ሳተላይት ነው።»

«ሳተላይት አይሳሳትም?»

«ሳይንስ ነው» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳይንስን መቃወም ጥሩ አይደለም» አለ። የማን ጆሮ ይሰማል ብሎ እንደሆነ አላውቅም፤ ከእሱ ሌላ የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም።

ሳተላይቱ ይሳሳታል አላልኩም። እኔ የሚዛን ሰው ሚስት ነኝ። ሚዛኑ ደህና ሆኖ ወለሉ የተጣመመ እንደሆነ የሚሆነውን ስሰማ ነው የኖርኩት፤ እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ያንን ነገር ነገርኩት። አንቴናው ያለቦታው ቆሞ ከሆነ ምስማሩ የሐሰት ቦታ ተሰጥቶታል፣ ከሐሰተኛ ምስማር ተነስቶ የተለካ መንገድ ሁሉ ይዛነፋል አልኩት። ምሰሶ ላይ ማየቴንም ነገርኩት።

«መቼ ነው ያዩት?»

«አስከሬኑ ሲወጣ።»

ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ አየኝ። በሐዘኔታ ከሚያየኝ ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። ቢሆንም ሥራውን አልተወም፤ አቶ ጅግሶን አስጠርቶ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች በቆሙበት ጠየቃቸው።

«አባባ፣ በልቅሶው ጊዜ የመንግሥት ንብረት የሆነ መሣሪያ ነክታችኋል?»

አቶ ጅግሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዕድራችን የሰው ዕቃ ወስዶ ሳይመልስ ቀርቶ ያውቃል?»

«እሱን አልጠየቅኩም። ነክታችኋል ወይ?»

«የጎደለ ነገር አለ? የተሰበረ? ካለ ንገሩኝና ከራሴ ኪስ።»

«የጎደለ የለም።»

«በቃ» አሉና ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

ምን ይበሉ? በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ነክታችኋል ወይ ተብሎ አዎ የሚል ሰው ዕድሩ ድንኳን እንዲያዘጋጅለት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን እረዳለሁ። ግን ያን ቀን አልተረዳሁም። አቶ ጅግሶ በአጠገቤ ሲያልፉ ዓይኔን ሸሹ፤ እኔም ሰላምታ ነፈግኳቸው። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ሆንን። እሳቸው ሰው ሁሉ የሚያምናቸው ዳኛ ናቸውና ቃላቸው ከእኔ ዓይን በለጠ። ማታ ማታ እኔም ራሴ እጠራጠር ጀመር። አንዲት ሴት ባሏን ቀብራ፣ ቤቷ ሊፈርስ ተቀብቶ፣ ደግሞ ያየችውን አላየሽም ስትባል ምን እንደሚሰማት ልንገራችሁ፦ የመጣላት ፍላጎት ነው የሚሰማት። ከፍየሉ ጋር እንኳ ተጣላሁ፤ ፍየሉ አጥሬን መብላት ተወ።

ዘይነባ ብቻ ናት የቀረችኝ። ባሏ ሱቅም መኪናም አለው፤ ከሸዋ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቤቷ ከእኔ ጋር በአጥር ይዋሰናል።

«እኔ የሚገርመኝ» አለችኝ፣ «ሳተላይቱ የአንቺን መኝታ ቤት አይቶ የኛን መጋዘን ያላየው ለምንድን ነው? ሦስት እጥፍ ይሆናል።»

«አያይም፣ ይሰማል።»

«ይሰማል? ታዲያ ባለቤትሽ ያን ሁሉ ቀን ዶሮ ሲሳደብ ሰምቶ ነው በእናንተ ላይ የጨከነው።»

ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ ያኔ ነው የሳቅሁት፤ ወዲያው ደግሞ መሳቄ አናደደኝ።

የሙት ዓመቱ ሊደርስ ሲል ጌታሁን መጣ። ያውም አንቴናውን ይዞ። ምስማሩ ላይ፣ በሬ ላይ፣ እንደ አምናው ባለ ሦስት እግሩን ሲያቆም አየሁትና ከቤት ወጣሁ።

«ምን ቀረህ?» አልኩት። «መኝታ ቤቱን ወስደሃል። ኩሽናውን ነው?»

«እማማ፣ ለእኔም አልሆነልኝም» አለኝ። ፊቱ ከስቷል። «ከወናጎ በኩል የመጣው ልኬትና የዚህ ግቢ ልኬት አልገናኝ አሉኝ። የአምናውን ስመረምር በመሃል የተወሰኑ ቀናት ነጥቡ ከቦታው ዘሎ ሌላ ጋ ይሄዳል፤ እዚያም ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ይቆያል። መጀመሪያ ስሠራው ሳተላይቱ ነው የተበላሸው ብዬ ሁሉንም ቀናት ደምሬ አማካዩን ወሰድኩ። መንገዱን የተከሉት ከዚያ ነው።»

«ምሰሶ ላይ ነበር ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ። የሚመሰክር ሰው የለም እኮ። ያለ ምስክር አለቆቼ አይቀበሉኝም። አሁን እንደገና ለክቼ ልዩነት ባገኝም የትኛው ነው ትክክሉ ይሉኛል።»

ጥግ ቆሞ ተከዘ። እኔም ከራሴ ቁጣ ላይ ትንሽ ቀንሼ ለእሱ ሻይ ሰጠሁት። ቀንሼ ነው እንጂ አልጨረስኩም።

በማግስቱ አቶ ጅግሶና የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። ከተኮራረፍን ወዲህ ግቢዬ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ተዝካር በሃይማኖታቸው የለም፤ ቢሆንም መጡ።

«እትዬ፣ እኔ በተዝካር አላምንም» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «በድንኳን ግን አምናለሁ።»

«ይግቡ» አልኳቸው፣ ገና እንዳልገቡ ሁሉ።

ዕድሩ ድንኳን ሲተክል አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፣ ማንም አያዝም፣ ማንም አይጠይቅም። እጃቸው ያውቀዋል። ሸራው ተዘረጋ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ የመሃል ምሰሶው ኩሽናው ጥግ ተነሣ። እንግዶች በበሩ ሊገቡ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ ቆሟል። አቶ ጅግሶ ወደ በሩ ሄዱ። ጌታሁን ሳጥኑን ዕቃ ቤት አስገብቶ ሲወጣ፣ እሳቸው ሦስቱም እግሮች ሥር አንዳንድ ድንጋይ በጥንቃቄ እያስቀመጡ ደረሰ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምልክት ነው ልጄ። ስንመልሳት ቦታዋን እንዳንስት።» ብሎኑን መፍታት ጀመሩ። «አንተ አትስጋ። ይቺ ዕቃ ጥሩ ናት፣ ሰማይ ትወዳለች፤ መሬት ላይ አንጥላትም። እንደ አምናው ምሰሶው ላይ ከፍ አድርገን እንሰቅልልሃለን። ገመዱም ይደርሳል፣ አምና ደርሷል።»

መዶሻው ቆመ። ገመድ ሲወጥር የነበረው ሰውዬ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ የነበረውን ጭንቅላቷን ሳብ አደረገች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አወጣችው።

አቶ ጅግሶ ያሉት ነገር ለራሳቸው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው። ብሎኑ በእጃቸው ነው። ቀስ ብለው ዞረው እኔን አዩኝ። ከቀበሌው ጥያቄ ወዲህ ዓይኔን ሲያዩ ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ልናገር፦ ልጮህ ነበር። ወራት ሙሉ አብጄ እንደሆነ ስጠራጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። አላልኳችሁም ወይ ብዬ እስከ አዳራሹ ላሰማ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ሽማግሌው ብሎኑን ወደ ቦታው ሊመልሱ ሲታገሉ አየሁ። ሊቀመንበሩ ለሙት ዓመቱ ተጠርቷል፣ ሲመጣ ከጥበቃዎቹ ጋር ነው። ለመኝታ ቤት ብዬ የዕድር ዳኛ ላስወስድ? ባለቤቴን በዝናብ የተሸከሙትን ሰው? ደግሞ ለመኝታ ቤቴ ካልተናገርኩ ይፈርሳል። እዚህ ውስጥ የከተተኝን ብረት ወደ ላይ ቀና ብዬ ፈለግኩት። ደመና ብቻ ነው ያለው።

«አባባ» አለ ጌታሁን በቀስታ፣ «አምና የተሰቀለው እዚችው ምሰሶ ላይ ነው? ኩሽናው ጋ?»

አቶ ጅግሶ ወደ ምሰሶው ተመለከቱ።

«የምጠይቅዎት ለመክሰስ አይደለም። እኔም አደራ ብዬ ትቼ የሄድኩ ነኝ።»

«በሩ ላይ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ጋሽ ታደሰ በየት ይውጣ? በጓሮ ይውጣ? መሬት ላይ እንዳናስቀምጣት ዝናብ ነው፣ ሰው ይረግጣታል። የሰው ዕቃ ነው። ከፍ አደረግናት፣ ከዚያ መለስናት። አንድ ብሎን አልጎደለም።»

«አንድም አልጎደለም» አለ ጌታሁን። «ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ያበድኩት።»

እሱ ሳቀ፤ አቶ ጅግሶ አልሳቁም፤ እኔ ግን ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ሲመጣ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጥነው። በልቶ ሲጨርስ ጌታሁን ከጎኑ ተቀመጠ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የአምናው ልኬት ስህተት አለበት። ደርሼበታለሁ። መንገዱ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚያልፈው። እንደገና ለክቼ በራሴ ፊርማ አስተካክላለሁ።»

«የምን ስህተት?»

«የአንቴና ስህተት።»

ሊቀመንበሩ ተጠያቂ የሌለው ስህተት ሰምቶ አያውቅም። «ማን ነው ተጠያቂው?»

ድንኳኑ ውስጥ ማኘክ ቆመ። አቶ ጅግሶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«አንቴናው» አለ ጌታሁን።

«አንቴናው የት ነው የተሠራው?»

«ውጭ አገር።»

«የት?»

«ምዕራብ።»

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። «እኔ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ጠላ ጨመርንለት። የኢምፔሪያሊስት መሣሪያ የጭቁን እናት ቤት ሊያፈርስ ሲል ቀበሌው እንዴት ነቅቶ እንደደረሰበት በሚቀጥለው ስብሰባ ሲናገር እኔም ተገኝቼ አጨብጭቤያለሁ። ያ ምስኪን አንቴና ምን በደለ? የቆመበትን ነው የተናገረው፤ በር ላይ ሲያቆሙት በር፣ ምሰሶ ላይ ሲሰቅሉት ምሰሶ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው፤ ተወግዞ የሄደውም እሱ ነው። ለዚህም ተናድጃለሁ።

ጌታሁን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አዲሱን ልኬት ጀመረ። ሊሄድ ሲል የቀዩን ቀለም ምልክት ራሱ በኖራ ቀባልኝ። አቶ ጅግሶ ደግሞ ሳልጠይቃቸው አጥሬን አደሱልኝ፤ ፍየሉ መልሶ መብላት ጀመረ።

ጌታሁን ዕቃውን ጭኖ ሲጨርስ ግቢው መሃል ላይ ቆመ። በሩን አየ፣ የኩሽናውን ጥግ አየ፣ በመሃላቸው ጥቂት ተራመደና አንድ ቦታ ላይ እግሩን አሳረፈ።

«እማማ፣ አምና አማካዩ የወደቀው እዚህ ጋ ነው» አለኝ። «ይገርማል። አንቴናው አንድም ቀን እዚህ አልቆመም። ከሁለቱም ቦታ ተደምሮ ተካፍሎ የወጣ፣ ምንም ነገር ያልነበረበት ነጥብ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የለካነው ከዚህ ባዶ ቦታ ተነስተን ነው።»

የቆመበትን አየሁ። ቃሬዛውን ያሳረፉበት ቦታ ነው።

«ባዶ አልነበረም» አልኩት። «እኔ ቆሜበት ነበር።»